ቤልቱ መስመር ሲስት ብሎኑን ቶሎ አትንኩ

የኮንቬየር ቤልት (ዕቃ የሚያጓጉዘው ተሽከርካሪ ቀበቶ) ወደ አንድ ጎን መሄድ ሲጀምር ብዙው ሰው ቁልፍ ይዞ የሚሮጠው ወደ ኋላው ፑሊ (ቤልቱ ጫፍ ላይ ወደሚዞርበት ትልቅ ሲሊንደር) ማወጠሪያ ብሎን ነው። ቤልቱ ለጊዜው ይመለስ ይሆናል። ግን አንዱ ጠርዝ ብቻውን ይወጠራል፣ የዚያ ጎን ኩሽኔታ ከአቅሙ በላይ ይጫናል፣ ዋናው ጥፋትም እዚያው ይቆያል።

መጀመሪያ ጠርዙ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉና ሁለት ሦስት ሙሉ ዙር ተመልከቱ። የትኛውም የቤልቱ ክፍል አንድ ቦታ ሲደርስ የሚወጣ ከሆነ ጥፋቱ የፍሬሙ ወይም ቤልቱን ተሸክመው የሚዞሩት ሮለሮች ነው። አንዱ ክፍል ብቻ በደረሰበት ሁሉ የሚወጣ ከሆነ ግን ጥፋቱ የራሱ የቤልቱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሁለቱ ጫፎች መጋጠሚያ በስኳድራ (በቀጤ ማዕዘን መለኪያ) አልተቆረጠም። ይህን በሮለር ማዳን አይቻልም፣ ቆርጦ እንደገና መግጠም ነው። ስኳድራውንም ጠርዙ ላይ አትያዙ፤ ያረጀ ቤልት ጠርዙ ቀጥ አይልም። የቤልቱን መሃል አምስት ቦታ ለክታችሁ በሲባጎ አገናኙና ከዚያ መስመር ተነሱ።

ሮለር ከመንካታችሁ በፊት የተጋገረውን ፍቁ። 100 ሚሊሜትር ዲያሜትር ባለው ሮለር አንድ ጫፍ ላይ ዙሪያውን 3 ሚሊሜትር ጭቃ ቢጋገር ዙሪያው ከ314 ወደ 333 ሚሊሜትር ያድጋል። የተጋገረው ጎንና ንጹሁ ጎን በእያንዳንዱ ዙር 19 ሚሊሜትር ያህል ይለያያሉ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ሮለር ላይ ቤልት ማስተካከል ትርፉ ድካም ነው።

ሮለሩ ንጹህ ሆኖም ቤልቱ ከወጣ ሕጉ ይህ ነው፦ ቤልት ቀድሞ ወደሚነካው የሮለር ጫፍ ይሄዳል። ወደ ግራ የወጣውን ወደ ቀኝ ለመመለስ የሮለሩን ግራ ጫፍ ወደ ቤልቱ መሄጃ ግፉት። የብስክሌት መሪ በሉት፤ ግራ እጅ ወደፊት ሲገፋ ብስክሌቱ ወደ ቀኝ ይዞራል። የምትነኩት ደግሞ ቤልቱ የወጣበትን ቦታ ሳይሆን ከዚያ ከ3 እስከ 5 ሜትር ቀድመው ያሉትን ሮለሮች ነው። አንዱን 10 ሚሊሜትር ከመግፋት አራቱን በ2 በ2 ሚሊሜትር መግፋት ይሻላል። ከእያንዳንዱ ንክኪ በኋላ ቤልቱ ጥቂት ዙር ይሂድ፤ የሚቸኩል ሰው የትኛው ንክኪ እንደሠራለት አያውቅም። ከታችኛው፣ ማለትም ከመመለሻው ጎን ጀምሩ፣ ከዚያ ወደ ላይኛው። ለማስተካከል ስትገቡ ዋናው ማጥፊያ ይቆለፍ፣ ቁልፉም በሠራተኛው ኪስ ይሁን።

ባዶውን ቀጥ ብሎ ሄዶ ሲጫን ብቻ የሚወጣ ከሆነ ሮለሮቹን ተዋቸው፣ ጭነቱ የሚወርድበትን አፍ እዩ። ጎድጎድ ባለ ቤልት ላይ በአንድ ጎን የተከመረ ጭነት ወደ ጎድጓዳው መሃል ይንሸራተታል፣ ቤልቱንም ወደ ቀላሉ ጎን ይገፋዋል። ጠርዝ ላይ መከላከያ ሮለር ማቆም የሚወዱ አሉ፤ እኔ አልመክርም፣ ጥፋቱን ሸፍኖ ጠርዙን ይበላል።