አሮጌ የድርቆሽ መጠቅለያ ማሽን ገዝቼ እንዴት እንደምሠራበት

አሮጌ ክብ ባለር፣ ማለትም ድርቆሽን በክብ የሚጠቀልል ማሽን፣ ልትገዙ ካሰባችሁ ቀለሙን እርሱት። እንዲያውም አዲስ የተቀባ ከሆነ ጠርጥሩ። እኔ ልገዛ ስሄድ መጀመሪያ የያዝኩት ሮለሮቹን፣ የሚሽከረከሩትን የብረት ጥቅልሎች፣ ነው። እያንዳንዱን ጨብጬ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቅኩ፤ የሚላወስ ካለ ኩሽኔታው አልቋል። ቀጥሎ ካቴናውን ከማርሹ ላይ ሳብ አድርጌ አየሁ። ካቴናው ከጥርሱ የሚነሳ ከሆነ ተለጥጧል፤ የማርሹም ጥርስ እንደ መንጠቆ ከተቆለመመ ሁለቱ አብረው ይቀየራሉ። ቺንጋዎቹ ላይ ደግሞ ዋናው ነገር መገጣጠሚያው ነው። ሁለቱን ጫፍ የያዙት የብረት ጥርሶች መሃል የምታልፈው ሽቦ ከሳሳች ቺንጋው ሥራ መሃል ይለቃል። ተቆርጦ የተቀጠለና ከሌሎቹ በጣም ያጠረ ቺንጋ ካለም ሸክሙ እሱ ላይ ይወድቃል።

ክብ ጥቅል ረጅም ዕድሜ አለው። አሊስ ቻልመርስ የተባለው ኩባንያ ሮቶ ቤለር የተባለውን ማሽን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1947 ሲሆን ጥቅሉ ሰው በእጁ የሚያነሳው ትንሽ ነበር። በትራክተር ካልሆነ የማይነቃነቀው ትልቁ ጥቅል የተስፋፋው ቨርሚር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማሽኑን ካወጣ በኋላ ነው። የእኔም ከዚያ ትውልድ ነው፤ የሚያስረው በሲባጎ ብቻ፣ ስክሪን የሚባል ነገር የሌለው። ስለዚህ ጥቅሉ ቀጥ ብሎ መውጣቱ ወይም በርሜል መምሰሉ በነጂው እጅ ነው።

ብዙ ሰው ድርቆሹን መሃል ለመሃል እያስገባ ይነዳል። ያኔ ጥቅሉ ሆዱ አብጦ ጫፎቹ ይሟሽሻሉ፤ ጫፉ ላይ የተጠመጠመው ሲባጎም ተንሸራትቶ ይወልቃል። የድርቆሹ ረድፍ የማሽኑን አፍ ሙሉ የሚያህል ስፋት ካለው ቀጥ ብሎ መንዳት ነው። ከአፉ ግማሽ የማይበልጥ ከሆነ ደግሞ አንዱን ዳር ይዤ ጥቂት እሄድና ቶሎ ወደ ሌላው ዳር እሻገራለሁ። ሳያቋርጡ እንደ እባብ መጠማዘዝ ያው መሃሉን መሙላት ነው። የትኛው ዳር እንደጎደለ የሚነግረኝ ቺንጋው ነው፤ ጥቅሉ በሳሳበት በኩል ያለው ላላ ብሎ ይወዛወዛል። ከወንበሬ ዞር ስል እሱን ነው የማየው።

ድርቆሹ አጭርና በጣም ደረቅ ሲሆን የጥቅሉ እንብርት አልጀምር ብሎ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ የሞተሩን ዙር ቀነስ አድርጌ እጀምራለሁ። አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል ላይማ ዙር መቀነስና ፈጠን ብሎ መሄድ ሁልጊዜም ይጠቅማል፤ ጥቅሉ ውስጥ ብዙ በተሽከረከረ ቁጥር ቅጠሉ ይረግፋል፣ ምግቡ ያለው ደግሞ ቅጠሉ ላይ ነው።

ጥቅሉ ሲሞላ ትራክተሩን አቆማለሁ፣ ፒቲኦው (ከትራክተሩ ወደ ባለሩ ኃይል የሚያስተላልፈው ተሽከርካሪ ዘንግ) ግን መዞሩን ይቀጥላል፤ ሲባጎው ከዳር እስከ ዳር የሚጠመጠመው ያኔ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው የሲባጎ ኳስ ሲፈታ ካላየሁ አልተያዘም ማለት ነው። ሲባጎ መቆጠብ የሚያዋጣ የሚመስለው ዝናብ እስኪመጣ ብቻ ነው። 150 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ጥቅል ውጩ 15 ሴንቲ ሜትር ከተበላሸ 36 በመቶው ጠፋ ማለት ነው፤ ክብ ስለሆነ አብዛኛው ድርቆሽ ያለው ወደ ውጭ ነው።

እርጥበትን በተመለከተ ከ18 በመቶ በላይ የሆነውን አልጠቀልልም። መለኪያ ከሌለ አንድ እፍኝ ቆርጣችሁ ደረቅ ጨው ካለበት ማሰሮ ውስጥ ክደኑና ናጡት፤ ጨው ከተጓጎለ ድርቆሹ ገና ነው። እርጥብ ጥቅል ውስጡ ይግላል፣ ቀስ በቀስም ራሱን ሊያቃጥል ይችላል። 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከደረሰ በየቀኑ መለካት አለበት። ወደ 80 ከተጠጋ ክምሩን ለመበተን አትሞክሩ፤ አየር ሲያገኝ ይነድዳልና እሳት አደጋ ሠራተኞች ይቅደሙ።

ሌላው የእሳት ምንጭ ማሽኑ ራሱ ነው። በአሮጌ ባለር ያለቀ ኩሽኔታ ይግላል፣ ዙሪያው ደግሞ በደረቅ ብናኝ የተሞላ ነው። ስለዚህ ለእረፍት በቆምኩ ቁጥር ሞተር አጥፍቼ እዞርና የእጄን ጀርባ ወደ ኩሽኔታዎቹ ቤት አስጠጋለሁ፤ ከሌሎቹ የተለየ ሙቀት ያለው ሳይቀየር ሥራ አይቀጥልም። እሳት ማጥፊያው ትራክተሩ ላይ ነው፣ ባለሩ ላይ አይደለም፤ ባለሩ ከተያያዘ ማጥፊያውም አብሮ ይሄዳልና።

የአፉ መታፈን ግን የሰው ሕይወት የሚበላው ነው። ፒቲኦ በደቂቃ 540 ጊዜ፣ በሰከንድ 9 ጊዜ ይዞራል። የታፈነውን ድርቆሽ በእጁ ወይም በእግሩ ለመግፋት የሚሞክር ሰው፣ ሮለሮቹ ሲይዙት ለመልቀቅ ጊዜ የለውም። ፒቲኦ ይጠፋል፣ ሞተር ይጠፋል፣ ቁልፉ ኪሴ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ነው የምጠጋው። የኋላውን በር ከፍቼ ሥር ስገባም የሃይድሮሊኩን መቆለፊያ ሳልዘጋ አልገባም። በሩን ከፍ አድርጎ የያዘው ዘይት የሚያልፈው በአሮጌ ጎማ ቱቦ ነው፣ ሲፈነዳ አያስጠነቅቅም።

የሚቆረጠው ቡሎን በተቆረጠ ቁጥር ጠንከር ያለ ልግጠም የሚል ፈተና ይመጣል። ያ ቡሎን የተሠራው ማርሹ እንዳይሰበር እሱ እንዲሰበር ስለሆነ ያው ዓይነት ነው የሚገባው፤ ደጋግሞ ከተቆረጠ የሚመረመረው ከኋላው ያለው ነው። ካቴናዎቹን ዘይት የምቀባው ማታ፣ ሥራ ጨርሼ ገና ሳይቀዘቅዙ ነው፤ ዘይቱ ወደ መጋጠሚያዎቹ ጠልቆ ይገባል፣ እስከ ጠዋትም ትርፉ ይንጠባጠባል። ዳገት ላይ ከሆንኩ ጥቅሉን ከመጣሌ በፊት ትራክተሩን በአግድም አዞራለሁ፣ ጥቅሉ ቁልቁል እንዳይንከባለል።