ጣቷን ስለምትጠባው ልጄ፣ ለባሕር ዳር እናቶች

ባሕር ዳር ያለች አብሮ አደጌ ዲቪ ደረሳት። እንኳን ደስ አላት! እኔ አሜሪካ ስለምኖር ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴሌግራሜ በጥያቄዋ ተጨናንቋል። ሽሮ ያሳልፋሉ ወይ? ብርዱ ይቻላል ወይ? ሰሞኑን ደግሞ በድምፅ እንዲህ ብላ ላከችልኝ፦ «ስሚ፣ ትንሿ ልጄ ጣቷን መጥባት አልተው አለችኝ። ጥርሷን ያበላሸዋል ይሉኛል። ግን እዚያ የልጅ ጥርስ በነጻ ነው አሉ፤ ስንመጣ ያስተካክሉልናል፣ አይደል?»

ጥያቄዋ የዋህ ነው። እኔን ግን አንጀቴን ነካኝ። በዚህ በጣት ጉዳይ ባሕር ዳር ላይ የደረሰብኝ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ልጄን ይዤ ሽምብጥ እናቴ ቤት ክረምቱን ከርሜ ነበር። ልጄ አራት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ቡናው የዘጌ ነው፤ ሽታው ብቻ ስደትን ያስረሳል። ልጄ እንቅልፏ መጥቶ ጭኔ ላይ ጋደም አለችና እንደ ልማዷ አውራ ጣቷን ጎረሰች። ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ የምላቸው ጎረቤታችን ብድግ ብለው መጡ። ጣቷን ከአፏ መንጭቀው አወጡት። የላይኛውን ከንፈሯን ገለጥ አድርገው ለሰው ሁሉ ያሳዩ ጀመር። «ኑ እዩ! የላይኛውና የታችኛው አይገጥምም እኮ። በመሃሉ ጣት ያሳልፋል!» ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «ጡት ነፍገሻት ነው ልጄ። ጡት የጠገበ ልጅ ጣቱን አይጠባም።»

ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ አቀርቅራ ስኒ ትደረድራለች። አንዷ ከአጥር ጥግ እሬት ቆርጣ መጣችና የልጄን ጣት ቀባቻት። ልጄ ቀመሰችው፣ አንገሸገሻት፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከሁሉ የከፋኝ ግን የኋላው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር እጇን ከጀርባዋ ትደብቅ ጀመር።

የማከብራቸው እናት ናቸው፤ ዛሬም አከብራቸዋለሁ። ግን ተሳስተዋል።

መጥባት ከረሃብ ብቻ የሚመጣ ነገር አይደለም። ሕፃን ገና ማሕፀን ውስጥ እያለ ጣቱን ሲጠባ በአልትራሳውንድ ይታያል። አብሮት የተፈጠረ ነው። ሲደክመው፣ ሲፈራ፣ ሲሰለቸው፣ እንቅልፉ ሲመጣ ራሱን ያባብልበታል። አብዛኞቹ ልጆች ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ በራሳቸው ይተዉታል።

ጥርስን አይነካም እያልኩ አይደለም። ይነካል። ግን እንዴት እንደሚነካ እንወቅ። እዚህ ሜሪላንድ የልጄ የጥርስ ሐኪም ረጋ ብላ አስረድታኛለች። ጥርስን ከቦታው የሚገፋው የአጠባቡ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ሰዓቱም ነው። ጣቱን አፉ ውስጥ አኑሮ ዝም የሚል ልጅ አለ። ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ድምፅ እያሰማ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚስብ ደግሞ አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ጣቱ የላይኞቹን የፊት ጥርሶች ወደ ውጭ፣ የታችኞቹን ወደ ውስጥ ይገፋል። በመሃላቸው ክፍተት ይፈጠራል። ጎረቤታችን ያዩት እሱን ነው። ምላስም በጣቱ ተጭኖ ታች ይቀራል፤ ጉንጮች ደግሞ ከጎንና ከጎን ሲጫኑ የላይኛው መንጋጋ ይጠብባል። ያኔ የጎን ጥርሶች ሲነክሱ መግጠም ያቅታቸዋል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች ሳይበቅሉ ልማዱ ከቀረ የፊቱ ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ እየጠበበ ይመጣል። እነሱ መብቀል የሚጀምሩት ከ6 እስከ 7 ዓመት ገደማ ነው። የጠበበው መንጋጋ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። ስለዚህ የሁለት ዓመት ልጅ ጣት የሚያስደነግጥ አይደለም። ሦስት ዓመት ካለፈ ግን ልጁን በፍቅር ማገዝ ይገባል።

አንድ ነገር ላይ እትዬ እውነት አላቸው። ረዘም ላለ ጊዜ ጡት የጠቡ ልጆች ጣት ወይም የእንጀራ እናት (ሕፃን የሚያባብሉባትን የጎማ ጡት) የመጥባት ልማዳቸው ያነሰ፣ የጥርሳቸውም አገጣጠም የተሻለ ሆኖ ይገኛል። በዚህ የአገሬ እናቶች ይኮራባቸዋል። ልጅ በጀርባ አዝላ ቅዳሜ ገበያ የምትውል እናት፣ ልጇ ባለቀሰ ቁጥር ጡት ታቀርብለታለች። ማንም አይገላምጣትም።

እኔስ? «ነፍገሻት ነው» የሚለው ቃል ያቃጠለኝ ለዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ሕግ ለወላድ የሚሰጠው 12 ሳምንት ነው፤ እሱም ያለ ደመወዝ። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ነው። እሱንም ለማግኘት ቢያንስ 50 ሠራተኛ ያለው ድርጅት ውስጥ አንድ ዓመት መሥራት አለብሽ። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ደመወዝ ያለው ፈቃድ ይሰጣሉ፤ የኔ ቀጣሪ ግን አልሰጠኝም። ድሃ በምንላት ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። እኔ የቤት ኪራይ ስላለብኝ ቶሎ ሥራ ገባሁ። በምሳ ሰዓቴ መኪና ውስጥ ተቀምጬ፣ በር ቆልፌ፣ ጡቴን በማሽን እያለብኩ ወተቱን በበረዶ ይዤ እሄድ ነበር። ልጄ ቀኑን ከሰው ጋር ትውላለች። ጣቷን ያገኘችው ያኔ ነው። ይህን ሁሉ በቡና ላይ ለማን ይነግሩታል?

ፈረንጆቹም ጉድ አላቸው። የእንጀራ እናቷን በገመድ ልብስ ላይ ያንጠለጥሏታል፤ ቦርሳ ውስጥ ደግሞ መጠባበቂያ አለ። ለትንንሽ ሕፃናት በእንቅልፍ ሰዓት እንድትሰጥ ሐኪሞቹ ራሳቸው ይመክራሉ፤ በእንቅልፍ ላይ ከሚከሰት ድንገተኛ ሞት ስጋቱን ትቀንሳለች። ይህ ጥሩ ነው። ግን ሱፐርማርኬት ውስጥ አራት ዓመት የሞላው ልጅ በአንድ እጁ ጁስ የሞላ ጡጦ፣ በአፉ የእንጀራ እናት ይዞ ታያለሽ። ማንም ምንም አይልም። እኔን ግን የክሊኒኩ ረዳት «ይህን የፊት ጥርስሽን ክፍተት ልንዘጋልሽ እንችላለን» አለችኝ። ፍንጭቴን! ባሕር ዳር በፍንጭቴ ነው ቆንጆ ስባል ያደግኩት። ልጆችን በተመለከተ ደግሞ በወተት ጥርስ መካከል ክፍተት መኖሩ ደግ ነው። የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። ከሥራቸው የሚመጡት ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች ሰፋ ያሉ ስለሆኑ ያ ክፍተት ቦታ ይሆናቸዋል።

የኛም ሰው ቢሆን በጣት ይጨነቅና ዋናውን ይረሳል። ሻይ በስኳር በጡጦ ሞልተው ልጅ ያስተኛሉ። ስኳሩ ሌሊቱን ጥርስ ላይ ያድራል፤ የፊት ጥርስ በልጅነቱ ጠቁሮ የሚረግፈው በዚህ ነው። ማር በጣት ነክረው ለአራስ ልጅ ያልሳሉ። ማር አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ሰውነት የሚያሽመደምድ መርዝ የሚፈጥር ጀርም ሊይዝ ይችላል። ግግ ማስወጣትማ አይነሳ። ልጅ ባስቀመጠውና ባተኮሰው ቁጥር ያበጠ ድዱን በስለት ከፍተው ገና ያልበቀለ የውሻ ጥርሱን ያወጣሉ። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ደም ይፈሳል፣ ልጅ ይሞታል። የተረፈውም ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርሱ ተጎድቶ ሊቀር ይችላል። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የልጄ ጣት ምን አደረገ?

ልጄን የረዳት እሬት አይደለም። እናቴ ናት። ከዚያ ቡና በኋላ ምንም ሳትናገር ልጄን በየቀኑ ከአጠገቧ ታስቀምጣት ጀመር። ያልተዳመጠ ጥጥ ትሰጣትና ፍሬውን ታስለቅማታለች። ጥጡ ሁለቱንም እጅ ይፈልጋል። ልጄ ፍሬውን አንድ በአንድ እየነቀለች ሳህን ላይ ስታኖር ጣቷን ትረሳዋለች። «የኔ ፈታይ» ትላታለች እናቴ፣ እሷም ደረቷን ትነፋለች። ሜሪላንድ ስንመለስ ሐኪሟ የመከረችንም ያንኑ ነው፦ እጇን ሥራ ማስያዝ፣ ሳትጠባ ስትውል ማመስገን፣ ሲያመልጣት አለመቆጣት። ለሌሊቱ ራሷ የመረጠችውን ቀጭን ካልሲ እጇ ላይ አጠለቅን። አሁን የምትጠባው በጣም ሲደክማት ብቻ ነው። ክፍተቱም እየጠበበ ነው።

እና እህቴ፣ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ልጆችሽ በሜዲኬይድ፣ ማለትም መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በሚሰጠው የጤና መድን፣ የጥርስ ሕክምና ሊያገኙ ይችላሉ። ጥርስ በብረት ማሳሰር ግን ችግሩ ከባድ መሆኑ በሐኪም ካልተረጋገጠ አይሸፈንም፤ ከኪስ ሲከፈል ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው። «ስንደርስ ይስተካከላል» ብለሽ አትምጪ። ትንሿ ሦስት ዓመት ካልሞላት ጣቷን ተያት። ሞልቷት ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ እጇን ሥራ አስይዢያት። ማታ ከውኃ በቀር በጡጦ ምንም አትስጫት። የክትባት ካርዷን ያዢ። ሁለተኛ ልጅ ካሰብሽ ደግሞ ሥራ ስትቀጠሪ ከደመወዙ ቀጥሎ የወሊድ ፈቃዱን ጠይቂ፤ በጽሑፍ ይስጡሽ።