ጃንዋሪ 1 የተወለድን ሰዎች እና ሜዲኬር

እናቴ እንደምትለው የተወለድኩት ከታኅሣሥ ግርግር ቀጥሎ በመጣው ክረምት፣ በሐምሌ ገብርኤል ዕለት ነው። 1953 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዝናቡ ያን ቀን ጣራውን ሊያወርደው ደርሶ ነበር ትላለች። ወረቀቴ ግን ሌላ ይላል። ስደት ላይ ሳለን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ካምፕ ፎርም ይሞላልን የነበረው ልጅ ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ቀይሮ 1961 ብሎ ጻፈ፤ ወርና ቀኑ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ከኋላዬ ያለውን ሰልፍ አየና ጃንዋሪ 1 አደረገኝ። ከእኔ ፊት የነበረውንም፣ ከእኔ ኋላ የነበረውንም እንዲሁ። አሜሪካ ከገባን ጀምሮ በዚህ ልደታችን ስንሳሳቅ ኖረናል። ሜዲኬር ሲመጣ ነው ቀልዱ ቁም ነገር የሆነው።

አሜሪካ ውስጥ ሰው 65 ዓመት ሲሞላው ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥቱ የጤና ኢንሹራንስ ይከፈትለታል። ለመመዝገብ 7 ወር አለው፤ ከልደቱ ወር በፊት ሦስት፣ የልደቱ ወር ራሱ፣ ከዚያም በኋላ ሦስት። ቀድሞ ከተመዘገበ ሽፋኑ በልደቱ ወር መባቻ ይጀምራል። ይህን አብዛኛው ሰው ሰምቶታል። ያልተሰማው፣ ወሩ በገባ በ1ኛው ቀን ለተወለደ ሰው ሁሉም ነገር በአንድ ወር እንደሚቀድም ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1፣ 1961 ለሚለው ለእኔ ሜዲኬር የጀመረው ጃንዋሪ ላይ ሳይሆን ዲሴምበር 1፣ 2025 ነው። መመዝገቢያውም ሴፕቴምበር ላይ ተከፍቶልኛል። በእናቴ ገብርኤል ቢሆን ኖሮ እስከ ጁላይ 2026 እጠብቅ ነበር። ያ ፎርም ሞይ፣ ባለበት ይመቸውና፣ ሳያውቀው ሰባት ወር መርቆልኛል።

እኔ ግን ሴፕቴምበርን ሙሉ ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት። አንደኛ፣ ጡረታና ሜዲኬር አንድ ቀን የሚመጡ ይመስለኝ ነበር። አይደሉም። የእኔ ሙሉ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ 67 ላይ ነው፤ ሜዲኬር ግን 65ን አይለቅም። ሶሻል ሴኩሪቲ ቀድሞ መቀበል የጀመረ ሰው ሜዲኬሩ በራሱ ጊዜ ቤቱ ድረስ ይላክለታል። እንደኔ ጡረታውን ላቆየው ያለ ግን ሄዶ ካልተመዘገበ ማንም አይመዘግበውም። ሁለተኛ፣ የምሠራበት ፓርኪንግ ጋራዥ ቢሮ ስጠይቅ፣ «የኛ ኢንሹራንስ እያለህ ለፓርት ቢ (ለሜዲኬር የሐኪም ክፍል) በወር 185 ዶላር ምን ያስከፍልሃል? ሥራ ስታቆም ትገባበታለህ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ያነቃችኝ አንዲት ጡረታ የወጣች ፈረንጅ ናት። ሺፕ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ በየስቴቱ የሚጠራበት ስም ይለያያል እንጂ ሥራው አንድ ነው። ስለ ሜዲኬር በነፃ ያማክራሉ፣ የሚሸጡት ነገር የለም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል አገኘኋት። ሁሉን ነገር በእርሳስ ነው የምትጽፈው። የቢሮውን ምክር ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «መሥሪያ ቤታችሁ ስንት ሠራተኛ አለው?» አለችኝ። በጣቴ ቆጠርኩ። የሌሊት ፈረቃ፣ የቀን ፈረቃ፣ አጣቢዎቹ፣ ቢሮ ያሉት ሁለቱ። አሥራ አራት። እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ለካስ ነገሩ ያለው እዚያ ቁጥር ላይ ነው። 65 የሞላው ሰው በሥራው ኢንሹራንስ ሲኖረው፣ መሥሪያ ቤቱ 20 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው የመሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ ቀድሞ ይከፍላል፣ ፓርት ቢን ሳይቀጡ ማቆየት ይቻላል። ከ20 በታች ከሆነ ግን ቀድሞ ከፋዩ ሜዲኬር ነው። እኔ ፓርት ቢ ሳልይዝ ብታመም፣ ኢንሹራንሱ «ሜዲኬር ሊከፍለው የሚገባውን እኔ አልከፍልም» ማለት ይችላል። ቅጣት አይደለም፤ ባዶ ኪስ ነው። ቢሮ ያሉት ክፉ ሰዎች ሆነው አይመስለኝም። አያውቁም፣ አላውቅም ማለት ደግሞ አይወዱም። በማግስቱ ኢንተርኔት ላይ ተመዘገብኩ። ባለቤቴ ወደ ራሷ መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ዞረች፤ ሜዲኬር የአንድ ሰው ነው፣ ሚስትና ልጅ ይዞ አይገባም።

የሜዲኬርን ፊደሎች በአጭሩ ልዘርዝራቸው። ፓርት ኤ ሆስፒታል መተኛት ነው። 40 ክሬዲት፣ ማለትም 10 ዓመት ያህል ግብር እየከፈለ የሠራ ሰው ወርኃዊ አይከፍልበትም፤ በራሱ ሥራ ያልሞላለትም በትዳር ጓደኛው ሥራ ሊያገኘው ይችላል። ወርኃዊ የለውም ማለት ግን ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ በ2026 ሆስፒታል ብተኛ የመጀመሪያው 1,736 ዶላር ከእኔ ነው። ፓርት ቢ ሐኪሙ፣ ላቦራቶሪው፣ ራጁ ነው። ዲሴምበር 2025 ላይ 185 የነበረው ወርኃዊ ጃንዋሪ 2026 ላይ 202.90 ሆኗል። የዓመቱን የመጀመሪያ 283 ዶላር ራሴ እከፍላለሁ፣ ከዚያ ሜዲኬር 80 በመቶ፣ እኔ 20 በመቶ። ፓርት ዲ መድኃኒት ነው፤ በ2026 በሽፋኑ ውስጥ ላለ መድኃኒት ከኪስ የሚወጣው 2,100 ዶላር ሲደርስ ይቆማል።

ያ 20 በመቶ ጣራ የለውም። ለጉንፋን 20 በመቶ ምንም አይደለም። ለካንሰር ሕክምና ግን ቤት ያሸጣል። ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

የእድራችን ስብሰባ ካለቀ በኋላ አንድ ሐበሻ ወኪል ወረቀት ዘርግቶ ስለ አድቫንቴጅ፣ ማለትም የግል ኩባንያዎች በዋናው ሜዲኬር ፈንታ ስለሚያቀርቡት ስለ ፓርት ሲ፣ አስረዳን። ወርኃዊው ዜሮ፣ ጥርስ አለው፣ መነጽር አለው፣ ጂም አለው። ሰው ሁሉ ተነቃነቀ። ሰውየው ውሸት አልተናገረም። ዜሮ ቢሆንም የፓርት ቢው 202.90 እንደማይቀር ግን የነገረን ሲጠየቅ ነው። ሐኪሙም ሆስፒታሉም ከኔትወርኩ (ኩባንያው ከተዋዋላቸው) ውስጥ መሆን እንዳለበት፣ ለብዙ ነገር አስቀድሞ ፈቃድ እንደሚጠየቅ እንዲሁ። በጎ ጎን የለውም አልልም፤ በዓመት ከኪስ የሚወጣው ጣራ አለው፣ ገቢው ለጠበበ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ስኳር አለብኝ። ለእኔ የወሰነልኝ እሱ ነው። ዋናውን ሜዲኬር ይዞ ያን 20 በመቶ የሚሸፍን ሜዲጋፕ የሚባል የግል ተጨማሪ ኢንሹራንስ አለ። 65 ሞልቶህ ፓርት ቢ ከጀመረበት ወር አንስቶ ለ6 ወር፣ የትኛውም ሻጭ ኩባንያ በሕመምህ ምክንያት እምቢ ሊልህ ወይም ዋጋ ሊጨምርብህ አይችልም። የእኔ 6 ወር ከዲሴምበር እስከ ሜይ መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ስቴት ስለ ጤናህ ይጠይቃሉ፣ መመለስም ይችላሉ። «አሁን ዜሮውን ይዤ ስታመም እቀይራለሁ» የሚለው ስሌት የሚሰበረው እዚህ ነው። እኔ ከሜዲጋፕ ዓይነቶች ፕላን ጂ የሚባለውን ገዛሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የአንዱ ኩባንያ ፕላን ጂ የሚሰጠው መሠረታዊ ሽፋን ከሌላው ፕላን ጂ ጋር በሕግ አንድ ነው፣ የሚለየው ዋጋው ነው። ሦስት ቦታ ደውዬ ርካሹን ወሰድኩ፣ ሌላ ጥበብ የለበትም።

ሌላው ምክንያቴ ሀገር ቤት ነው። ጡረታ ስወጣ ክረምቱን (የዚህን፣ የበረዶውን ማለቴ ነው) አዲስ አበባ ማሳለፍ እፈልጋለሁ። ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ፣ በጣም ጥቂት ከሆኑ ሁኔታዎች በቀር፣ አይከፍልም። ፕላን ጂ ግን ለድንገተኛ ሕክምና ውጭ አገር 250 ዶላር ከተቀነሰ በኋላ 80 በመቶ ይከፍላል፤ ከጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ውስጥ ከታመምኩ፣ በዕድሜ ልክ እስከ 50,000 ዶላር። በ61ኛው ቀን ብታመም ራሴን ችያለሁ። እዚያ ሆኜም የፓርት ቢው ሒሳብ ይቆጥራል። «እዚያ ስሆን ላቁመው» ብል፣ ስመለስ ቅጣት አለ።

ቅጣቱን ከጓደኛዬ ነው የተማርኩት። 66 ዓመቱ ላይ ከትልቅ መሥሪያ ቤት ወጣና ኮብራ ገዛ፣ ማለትም የመሥሪያ ቤቱን ኢንሹራንስ ከኪሱ እየከፈለ አቆየ፤ ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ 18 ወር ተቀመጠ። ኮብራ ግን ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ኢንሹራንስ አይቆጠርም። ሥራ ካቆመበት ጀምሮ ለመመዝገብ የነበረው 8 ወር አልፎት፣ በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ እስከሚከፈተው ምዝገባ ጠብቆ ነው የገባው። ሳይመዘገብ ላለፈ ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር ወርኃዊው 10 በመቶ ይጨምራል፤ ፓርት ቢ እስካለው ድረስ አይነሳለትም። ሲያወራው አሁንም ድምፁ ይቀየራል።

ካርዱ ሲመጣ ወረቀት ነው፣ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ። ባለቤቴ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ «ይኼ ነው እንዴ?» አለችኝ። ከስሜ ሥር ፓርት ኤ፣ ፓርት ቢ፣ አጠገባቸው ዲሴምበር 1፣ 2025። እኔን ያሳቀኝ ቀኑ ነው። የእሷም ወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 ነው ያለው፣ 1965፤ እሷን እንኳን የጻፋት ሌላ ልጅ፣ ሌላ ካምፕ ነው። አስልቼ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩላት፦ «ሴፕቴምበር 2029። ጃንዋሪን አትጠብቂ።»