ቆጠራ መዝገብ አይጽፍም

የሰኔ መጨረሻ ነበር። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል፤ የፋይናንስ ሰዎች ምሳ እየዘለሉ ሒሳብ ይዘጋሉ። በዚህ መሀል አንድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 3ኛ ፎቅ «ሲስተም የለም» ተባለ። ትንሽ ቆይቶ 2ኛ ፎቅም ተከተለ። ምድር ላይ ባሉት መስኮቶች ሰልፉ በር አልፎ ወጣ። ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» መስማት ለምዷል፤ ተቀምጦ ይጠብቃል። የፋይናንስ ኃላፊው ግን የሚጠብቁ ሰው አይደሉም።

ግራ የሚያጋባው ነገር ሁሉም አለመቋረጡ ነው። አንዱ ይሠራል፣ ጎኑ ያለው አይሠራም። «እስቲ አጥፍቼ ላስነሳው» ያለ ደግሞ የነበረውንም ያጣል። እኛ የኔትወርክ ሠራተኞች ከተቋረጡት አንዱ ጋ ተቀምጠን አይፒ አድራሻውን፣ ማለትም ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ አየን። የእኛ ኔትወርክ የሚያድለው አድራሻ በ10 ይጀምራል። ይሄኛው 192.168.0 ብሎ የሚጀምር ይዟል። ያኔ ነገሩ ገባን።

ኮምፒውተር ሲበራ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?» ብሎ ኔትወርኩ ላይ ይጠይቃል። መልስ የሚሰጠው የዲኤችሲፒ ሰርቨር ነው። መላሾቹ ሁለት ከሆኑ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የደረሰው ይሰማል። አንድ ሰው መርካቶ በየሱቁ ከሚሸጡት ትናንሽ ራውተሮች አንዱን አምጥቶ፣ የግድግዳውን ገመድ ከኢንተርኔት መግቢያው ይልቅ ከኮምፒውተር መሰኪያዎቹ በአንዱ ሰክቶታል ማለት ነው። ራውተሩም እንደ ልማዱ አድራሻ ማደል ጀምሯል። ማንን እንደሚያስቸግር ምን ያውቃል?

ምን እንደሆነ ማወቁ ቀላል ነበር። የት እንዳለ ማወቁ ነው የፈጀን። የራውተሩን ማክ አድራሻ፣ ማለትም አምራቹ ለእያንዳንዱ የኔትወርክ ዕቃ የሚሰጠውን መለያ፣ አገኘን። ከ12ቱ ፊደልና ቁጥር የመጀመሪያዎቹ 6ቱ አምራቹን ይናገራሉ፤ እሱንም አወቅን። የየቢሮው ገመድ የሚሰበሰብበት ስዊች ውስጥ ገብተን «ይህ አድራሻ በየትኛው ፖርት (መሰኪያ) ይታያል?» ስንል 17 አለን። 17 የት ነው የሚሄደው? ገመዶቹን የመዘገብንበትን ኤክሴል ከፈትን። የፋይሉ ስም «ኔትወርክ የመጨረሻ አዲስ 2» ነው። እሱ ላይ 17 «ስብሰባ አዳራሽ» ይላል። ስብሰባ አዳራሹ በጂፕሰም ተከፋፍሎ ቢሮ ከሆነ ቆይቷል። ከጂፕሰሙ ጀርባ ደግሞ ማንም ያልመዘገበው ትንሽ ስዊች ተቀምጦ፣ ከአንድ ገመድ ብዙ ቢሮ ያበላል።

ከጠረጴዛ ሥር እየገባን ገመድ ስንጎትት የንብረት ክፍሏ እትዬ በኮሪደሩ አለፉ። ለዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ መዝገባቸውን አቅፈዋል።

«ምን ጠፍቷችሁ ነው ልጆች?»

«እትዬ፣ ራውተር ነው። የሆነ ሰው የራሱን አምጥቶ ሰክቷል።»

«የግል ከሆነ እኔ ጋ የለም። በር ላይ ጋሼን ጠይቋቸው፤ የግል ዕቃ ሳይጽፉ አያስገቡም።»

እውነታቸውን ነው። ጥበቃው የላፕቶፕ ሴሪያል ቁጥር የሚጽፉባት ያረጀች ደብተር አለቻቸው። ገጿን ገለጥ ገለጥ አድርገው ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ፦ «ነጭ የኢንተርኔት ማሽን፣ ባለ 2 አንቴና፣ 1»። ከጎኑ የሰው ስም፣ የቢሮ ቁጥርና ፊርማ። ወጣን፣ ነቀልነው፣ ሲስተም ተመለሰ። ባለቤቱ ዋይፋይ ፈልጎ እንጂ ክፉ አስቦ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የኔትወርክ ንብረት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ይገባ ተባለ። ይህን የሚያህል ግርግር ባይፈጠር ኖሮ ማን ይሰማን ነበር? እንዲያውም ሐሳቡ በሌላ ጊዜ ቀርቦ «ኤክሴል አላችሁ አይደል?» ተብሎ ተመልሷል።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ጎበዝ ነው፣ ነገር ቶሎ ማለቅ አለበት ባይ ነው። በነፃ የሚሞከር ሶፍትዌር አውርዶ ጫነ። ሶፍትዌሩ ኔትወርኩን ራሱ እየዞረ ያገኘውን ሁሉ ይመዘግባል። ስዊቾቹንና ፕሪንተሮቹን የኔትወርክ ዕቃዎች ስለራሳቸው በሚመልሱበት ኤስኤንኤምፒ በሚባል ቋንቋ፣ ኮምፒውተሮቹን በየማሽኑ በሚጫን ትንሽ ፕሮግራም ይጠይቃል። በማግስቱ ስክሪኑ በሰንጠረዥ ተሞልቶ ሳይ እኔም ደስ አለኝ። ልጁ ሪፖርቱን አትሞ እትዬ ጋ ወሰደው። «እትዬ፣ ከእንግዲህ ቆጠራ ቀረ!» አላቸው።

መነጽራቸውን አጠለቁ። ብዙም አልቆዩ።

«የስልጠና ክፍሉ ላይ አንድ ኮምፒውተር ነው የሚለው። እኔ በሞዴል 22 ወጪ አድርጌ ያስረከብኩት 11 ነው። አሥሩ የት ሄደ?»

አብረን ወረድን። 11ዱም ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ 11ዱም በርተዋል። ሶፍትዌሩ ለምን አንድ አለ? እዚህ የተገጣጠሙ ኮምፒውተሮች ናቸው። የፋብሪካ ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ ውስጥ የተጻፈ ሴሪያል ቁጥር አለው። የተገጣጠመው ላይ ግን ያንን ቦታ የሚሞላው ሰው የለም፤ «በአምራቹ የሚሞላ» የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይቀራል። ሶፍትዌሩ ያንን ዓረፍተ ነገር እንደ ሴሪያል ቁጥር ወሰደው። ሴሪያሉ አንድ ከሆነ ማሽኑም አንድ ነው ብሎ ደመደመ። 11 ኮምፒውተር አንድ መስመር ላይ እየተፈራረቀ ይጽፍበታል። እትዬ ግን እያንዳንዱ ላይ በቀለም የተጻፈ የንብረት መለያ ቁጥር አላቸው። እሱን ተመልክተው አንድ በአንድ ምልክት እያደረጉ ወጡ።

በሌላ በኩል ደግሞ በመዝገብ የሌለ ዕቃ ሞልቷል። አብዛኛው ስልክ ነው። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ዋይፋይ ላይ እውነተኛ ማክ አድራሻቸውን አይሰጡም፤ ለየኔትወርኩ የፈጠራ አድራሻ ያወጣሉ። እንዲህ ያለውን መለየት ይቻላል፦ የአድራሻው ሁለተኛ ፊደል ወይም ቁጥር 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ አምራቹ የሰጠው አይደለም። ለእንግዳ በተከፈተው ዋይፋይ የገባ ባለጉዳይ ሁሉ እንደ መሥሪያ ቤቱ ንብረት ተመዝግቦ ቁጭ ብሏል።

ይሄ ሁሉ ግን በማስተካከል የሚያልቅ ነው። ሴሪያሉን ችላ በል ማለት ይቻላል፣ የእንግዳውን ኔትወርክ ከፍተሻው ማውጣት ይቻላል። ልጁም በአንድ ከሰዓት ጨረሰው። ዋናው ክርክር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ሶፍትዌሩ በየሌሊቱ ዞሮ ያገኘውን መዝገቡ ላይ እንዲጽፍ ፈለገ። አዲስ የተገኘ ይጨመር፣ ለአንድ ወር ያልታየ ይሰረዝ። ማንም ሳይነካው ሁልጊዜ ትክክለኛ ዝርዝር ይኖረናል ነው የሚለው። ሲሰሙት ደግሞ ያሳምናል።

እትዬ ሳቁ።

«ልጄ፣ ቆጠራው መዝገቡን ከጻፈው ጉድለት የሚባል ነገር መቼ ይገኛል? የጠፋው ተሰረዘ፣ የማይታወቀው ተመዘገበ። ሁሌ ልክ ነን ማለት ነው! እኔ እንዲህ ብሠራ እኮ እስካሁን ታስሬያለሁ።»

ልጁ ሊመልስ አፉን ከፈተና ዘጋው። ያ ራውተር አሁን ቢመጣ ኖሮ እኮ ሌሊቱን ተመዝግቦ፣ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ ሕጋዊ ዕቃ ሆኖ ይጠብቀን ነበር።

ንብረት ክፍል ይህን ያወቀው ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ነው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ሲወጣ ሞዴል 22። መዝገቡ ያ ነው፤ መኖር ያለበትን ይናገራል። ቆጠራ ደግሞ ያለውን ይናገራል። ሥራው ያለው ሁለቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው፦ ወይ ትርፍ፣ ወይ ጉድለት።

ማታ ቤቴ ሌሎች ሶፍትዌሮችን ሳገላብጥ የኔትቦክስን ሰነድ አነበብኩ። ኔትቦክስን ጀረሚ ስትሬች ዲጂታልኦሽን የሚባል ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ የጀመረው ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆነ። ስዊቹ፣ ዕቃው የሚደረደርበት ራክ፣ ገመዱ፣ ፖርቱ፣ አይፒው ሁሉ በዝርዝር ይመዘገብበታል። ሰነዱ ግን ይህ መዝገብ ኔትወርኩ መሆን ያለበትን የሚይዝ እንጂ አሁን የሆነውን የሚይዝ አይደለም ይላል። ከኔትወርኩ የተለቀመ መረጃ ሰው ሳያየው በራሱ እንዳይገባም አጥብቆ ይመክራል። እትዬ ቢያነቡት «ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው?» የሚሉ ይመስለኛል።

ስለዚህ ሁለት አድርገን ተከልነው። ኔትቦክስ መዝገብ ሆነ፤ እጅ የሚያስገባበት ሰው ይታወቃል፣ ማን መቼ ምን እንደለወጠም ይቀመጣል። የንብረት መለያ ቁጥሩ የራሱ ቦታ ስላለው የእትዬን ቁጥሮች አንድ በአንድ አስገባን። ፍተሻው ለብቻው ይዞራል። ልጁ የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ሁለቱን እያስተያየ የማይገጥመውን ብቻ ያወጣል። እንደ ቆጠራ ሪፖርት ትርፍና ጉድለት የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሉት፤ ስማቸውን ያወጣው ልጁ ራሱ ነው። በዚሁ አጋጣሚ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ የሚባለውን ነገር በስዊቾቹ ላይ አበራን። አሁን ከሰርቨሩ ፖርት በቀር ከሌላ ፖርት የሚመጣ የአድራሻ እደላ ይታገዳል። ከጂፕሰሙ ጀርባ ያለው ርካሽ ስዊች ግን ይህን አይችልም። እሱ ሥር ያሉት ቢሮዎች እርስ በርሳቸው መረባበሽ ይችላሉና ይቀየር ብለን ጽፈናል፤ ግዥ ላይ ነው።

የጉድለት ዓምዱ መጀመሪያ ያወጣው አንድ ዊንዶውስ 7 ኮምፒውተር ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው ጥር 2020 እ.ኤ.አ. ነው። ኮምፒውተሩ ከመዝገብ ቤት ጀርባ ተቀምጧል። የድሮ ፋይል የሚከፈትበት አሮጌ ፕሮግራም ስላለበት በስንት ጊዜ አንዴ ይበራል፤ ሌላ ጊዜ ጠፍቶ ይውላል። በልጁ የመጀመሪያ ሐሳብ ቢሆን በወሩ ይሰረዝ ነበር፣ ከዚያ አንድ ቀን በርቶ ማንም የማያውቀው ማሽን ሆኖ ይመጣ ነበር። አሁን ከኔትወርኩ ለይተነዋል፤ መዝገቡ ላይ ግን አለ፣ የተረከበው ሰውም ስሙ አለ።

ሪፖርቱ በየሰኞው ይወጣል፣ ለእትዬም አንድ ኮፒ ይታተማል። ባለፈው ሰኞ ስልክ ደወሉ።

«3ኛ ፎቅ ፕሪንተር የሚለው ትርፍ ምንድን ነው? ቁጥሩን ሳየው የተወገደው ነው። ይወገድ ብዬ ፈርሜበታለሁ እኮ! እንዴት ነው የሚያትመው?»

ወጣን። ፕሪንተሩ ከቁም ሳጥን ጀርባ ነው፣ ከጎኑ አዲሱ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችንና ወረቀት መጫኗን ቀጠለች።

«አዲሱ ወረቀት ይበላል» አለች።