አሸዋ ላይ ማን ዘራው?

እነዋሪ፣ ሐምሌ አጋማሽ

ታናሽ እህቴ ካናዳ፣ አትላንቲክ ዳር ሆና ፎቶ ላከችልኝ። አሸዋ ላይ የተንሰራፋ ሐረግ፣ ወይን ጠጅ አበባ፣ ከቅጠሉ ጫፍ የተጠቀለለ ቀጭን ክር። «ይኼ የኛ ጓያ አይደለም እንዴ?» ትላለች። ለእማዬ አሳየኋት። ስልኩን ወደ በሩ ብርሃን አዙራ ብዙ አየችው። «ጓያማ ነው። ግን በሐምሌ? ደግሞ አሸዋ ላይ ማን ዘራው?»

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ጓያ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ መረሬው በያዘው እርጥበት ብቻ ያድጋል። ስንዴውና ምስሩ በጠፉበት ዓመት እንኳ እሱ አይጠፋም።

ማታ ስለ ተክሉ ሳነብ አመሸሁ። የባሕር አተር ይሉታል፤ ጓያ ራሱ ባይሆንም የቅርብ ዘመዱ ነው፣ ሁለቱም ላቲረስ ከሚባለው ወገን ናቸው። ዘሪ የለውም። ፍሬው ጨው ውሃ ላይ ተንሳፎ እስከ 5 ዓመት ሳይሞት ይቆያል፤ ማዕበሉ ዳር ሲተፋው እዚያው ይበቅላል። ከጃፓን እስከ አውሮፓና አሜሪካ ጠረፍ የደረሰው እንዲህ ነው። ፍግ በማያውቅ አሸዋ የሚኖረው ደግሞ እንደ ጓያ ሁሉ ከአየር የሚገኘውን ናይትሮጂን በሥሩ እባጮች እያስያዘ ነው። ደስ አለኝ፣ የአገሬን ልጅ ባሕር ማዶ ያገኘሁ ያህል።

በፈረንጆቹ 1555 በእንግሊዝ ምሥራቅ ጠረፍ ረሃብ ገብቶ ድሆች ይህንኑ አተር ለቅመው በልተው ከሞት እንደተረፉ ይነገራል። ዘሩ ውስጥም የጓያው ዓይነት መርዝ እንደሚገኝ ተጽፏል። እዚህ ስደርስ ስልኩን አስቀመጥኩት።

ጋሼ፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም፣ ጓያ የሰበረው ሰው ነው። በ1977 ክፉ ቀን የ19 ዓመት ጎረምሳ ነበር። ቂጣውም ቆሎውም ንፍሮውም ጓያ ብቻ ሆኖ ሦስት ወር ከረሙ፤ አንድ ጠዋት ጉልበቱ አልታዘዝ አለው። እስከ ዛሬ በምርኩዝ፣ በእግሩ ጣት እየረገጠ ነው የሚሄደው። ኮንጎ ጫማው ሁልጊዜ ከአፍንጫው ነው የሚያልቀው፤ ተረከዙ አዲስ እንደሆነ ይጣላል።

ልጆች ሳለን ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ እንዳይነካን ከጓዳ ያስወጡን ነበር። እንፋሎቱስ ምንም አያደርግም። የሚሰብረው ሌላ እህል ሳይቀላቀልበት፣ ለሳምንታትና ለወራት እሱን ብቻ ሲበሉት ነው። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል። ይህ በጊዜው ባለመነገሩ ብዙ ተናድጃለሁ። ግን ጋሼ ቢያውቅስ ምን ሊበላ ነበር?

ዛሬ ከቡና በኋላ ፎቶውን አሳየሁት፤ የእንግሊዞቹንም ታሪክ ነገርኩት። አበባውን በአውራ ጣቱ ዳሰስ አደረገው።

«ስንት ወር በሉት?» አለኝ።