ከወንበሬ ሳልነሳ ኤግዚቢሽን ዋልኩ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የኦንላይን የንግድ ትርኢት ላይ ዋልኩ። የአውሮፕላን ቲኬት የለም፣ ሆቴል የለም፣ ቆሞ መዋል የለም። አንዷ አምራች ካሜራውን ወደ ጨርቁ አስጠግታ ክሩን በጣቷ ሳብ አድርጋ አሳየችኝ። ስፌቱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ግን ልዳስሰው አልቻልኩም! ጨርቅ ደግሞ ካልዳሰሱት አይታወቅም። ናሙና በፖስታ ልትልክልኝ ተስማማን።

በፈረንጆቹ 2021 ጀርመን ሃኖቨር ከተማ የሚካሄደው ትልቁ የኢንዱስትሪ ትርኢት በኮሮና ምክንያት ሙሉ በሙሉ በኦንላይን ነበር። በኋላ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። ዛሬ ነገሩ ገባኝ። በሻይ ሰዓት ከማያውቁት ሰው ጋር የሚጀመረው ወሬ ስክሪን ላይ የለም።

ቢሆንም ለጉዞ አቅም ለሌለን ትንንሽ ነጋዴዎች ትልቅ በር ነው፤ ከልቤ ነው የምለው። ነገ ሁለት ቀጠሮ ይዣለሁ። በሰዓት ልዩነቱ የተነሳ አንዱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አላርሜን ሞልቻለሁ።