እጇ አያርፍም

በእኛ በቤት ሠራተኛ ደላሎች ሥራ መስከረም ክፉ ወር ነው። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታና መስቀል ሲደርስ ከወላይታ የመጡት ልጆች ሦስት ቀን ፈቃድ ይጠይቁና ብዙዎቹ በዚያው ይቀራሉ፤ ሐዋሳ ውስጥ ሕፃን ያላት እናት ሁሉ ስልኬ ላይ ታለቅሳለች።

ይህች ልጅ ግን ተመልሳ ነበር፤ በአሥራ አንደኛው ቀን። አሠሪዋ ወይዘሮ በር ላይ ቆመው «ቦታሽ ተይዟል» አሏት። የነሐሴ ደመወዟም በተሰበረ ፔርሙስ ተቆርጦ አለቀ ተባለ። የምን ፔርሙስ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

እዚሁ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ያለ አንድ ቤተሰብ ሞግዚት ይፈልግ ነበር። ተያዥም መታወቂያም አላት፤ የቀረው የቀድሞ ቤቷ ቃል ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል፤ ለቤት ሠራተኛ ሲሆን ግን ወደፊት በሚወጣ ደንብ ይታያል ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ የእኛ ምስክር ወረቀት ስልክ ነው።

ደወልኩ። ወይዘሮዋ «እጇ አያርፍም» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። እኔም ወዲያው ለአቶቴዎቹ ነገርኳቸው። ጠንቃቃ ደላላ መሆኔ ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራ አልኩ።

ልጅቱ ስትሰማ አላለቀሰችም። «እትዬ፣ ምን ጠፋ አሉ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

አለመጠየቄ ያን ጊዜ ታወሰኝ። እፊቷ እንደገና ደወልኩ።

«ምን ጠፍቶብዎት ነው?»

ዝም አሉ። ከኋላቸው ሕፃን ይጮሃል።

«የጠፋውማ ስንቱ! አሁን የት ናት?»

«እዚሁ፣ ፊቴ ተቀምጣለች።»

«ታዲያ ባጃጅ አስይዘሽ ላኪልኛ! ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ።»

«ሌባ ናት ሲሉኝ አልነበረም እንዴ?»

«ምን ላድርግ? ይኼ ልጅ ከእሷ እጅ ካልሆነ አይጎርስም።»

ተተኪዋ በሳምንቷ ጥላቸው ሄዳለች ለካ። «የነሐሴው ደመወዝስ?» ስላቸው ስልኩ ተቋረጠ። መቼም ኔትወርክ ይሆናል።

እኔ በሳቅ ፈረስኩ። ልጅቱ አልሳቀችም።

ለአቶቴዎቹ ነገሩን ባስረዳም «አንዴ ጥርጣሬ ከገባ ልጅ አይሰጥም» አሉኝ። የያዙት ከመንገዱ ማዶ ያለው ደላላ ያመጣላቸውን ነው። ሰውየው ስለ ቀድሞ ቤት አይጠይቅም፤ መታወቂያ ማየቱንም እጠራጠራለሁ። ሞግዚቷ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ናት፤ በጣም ወደዋታል አሉ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር «ብትመለስ ይወስዷታል ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ሰው እንዲህ ስጠይቀው የራሱን ሠራተኛ ልነጥቀው የመጣሁ ይመስለዋል።

ልጅቱ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ገባች። አንድ ምሽት የሠራተኞች አውቶቡስ ሲያራግፍ አገኘኋት፤ ፊቷ ሞላ ብሏል።

«ዋስ ጠየቁሽ?» አልኳት።

«ጣቴን ነው የፈተኑት። ፈጣን ነው ብለው ያዙኝ። እዚያ እጇ አያርፍም ማለት ሙገሳ ነው፣ እትዬ።»

አብረን ሳቅን። ሳቃችን ሳያልቅ ግን «የነሐሴዋን ነገር ምን አሉ?» አለችኝ። እኔም ባጃጁ እንዳያመልጠኝ ቸኮልኩ።